እጁ የሰለለው ሰው፦ የኢየሱስን የሥነ ምግባር ትምህርት ከተአምራቱ ለይቶ ስለ ማንበብ

ክቡራን አባቶች፣ ክቡራት እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራና ከልጆቻችሁ ሰዓት ቀንሳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከባልቲሞርና ከሪችመንድ ድረስ መኪና ነድታችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ርእሱ ሲነገር ቅር የተሰኙ ሰዎች እንዳሉ አዘጋጆቹ ነግረውኛል። እነዚያም ሰዎች ዛሬ እዚህ ተገኝተው ከሆነ ምስጋናዬ ለእነርሱ እጥፍ ነው፤ ቅር እየተሰኙ መጥቶ ማዳመጥ ቀላል አይደለምና።

የማምነውንና የማላምነውን አስቀድሜ ልናገር። የተወለድሁት ጎጃም ገጠር ነው። ዳዊት ደግሜ፣ ድቁና ተቀብዬ፣ በቅዳሴ ጽና ይዤ ቆሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ዛሬ ውኃው ወይን ጠጅ መሆኑን፣ ሙታን ከመቃብር መነሣታቸውን አላምንም። በተራራው ላይ የተነገረው ቃል ግን አንድም ቀን ተለይቶኝ አያውቅም። ይህን የምናገረው የማንንም እምነት ለመንካት አይደለም፤ እንደ እኔ ያሉ ብዙዎች፣ በተለይም እዚህ አሜሪካ ያደጉ ልጆቻችን፣ ተአምራቱን መቀበል ሲያቅታቸው ትምህርቱንም አብረው ሲጥሉት ስላየሁ ነው። ያ መጣል እውነት የግድ ነው ወይ?

ሦስት ጥያቄዎችን ተከትዬ እሄዳለሁ። አንደኛ፣ ትምህርቱን ከተአምራቱ ለመለየት የሞከሩ ሰዎች ምን አደረጉ? ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ያለ ተአምራቱ በራሱ ይቆማል ወይ? ሦስተኛ፣ ይቆማል ካልን ዋጋው ምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ከዚህ አዳራሽ ብዙ በማይርቀው በስሚዝሶንያን ሙዚየም ውስጥ ቀይ የቆዳ ሽፋን ያለው አንድ ትንሽ መጽሐፍ አለ። መጽሐፉን ያዘጋጀው የዚህ አገር ሦስተኛው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ነው። በ1804፣ በሥልጣን ላይ ሳለ፣ የቀኑን ደብዳቤ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ምሽት ከወንጌላት የመረጣቸውን ቃላት እየቆረጠ 46 ገጽ ያህል መጽሐፍ አበጀ። ያ የመጀመሪያው ጠፍቷል። ነገሩ ግን ከልቡ አልወጣም ነበርና በ1820፣ የ77 ዓመት አዛውንት ሆኖ፣ ሞንቲቼሎ በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ እንደገና ሠራው። በግሪክ፣ በላቲን፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ የታተሙ አዲስ ኪዳኖችን ገዝቶ፣ የፈለጋቸውን ቁጥሮች በስለት እየቆረጠ፣ አራቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን በባዶ ወረቀት ላይ ለጠፋቸው። ስሙንም የናዝሬቱ ኢየሱስ ሕይወትና ምግባር አለው።

ምን ያዘ? ምን ተወ? የድንግልን መፅነስ፣ የመላእክቱን ብሥራት፣ በባሕር ላይ መራመዱን፣ ትንሣኤውንና ዕርገቱን ተወ። የተራራውን ስብከት፣ የደጉን ሳምራዊና የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ያዘ። ትረካው የሚጀምረው ከአውግስጦስ ቄሣር የሕዝብ ቆጠራ ትእዛዝ ሲሆን፣ የሚያበቃውም በመቃብሩ ደጃፍ ነው፤ አስከሬኑን አኖሩ፣ ትልቅ ድንጋይ አንከባለሉ፣ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል የለም። በፋሲካ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» እየተባለ ሲዘመር ላደገ ሰው፣ ያንን የመጨረሻ ገጽ ማንበብ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሚያወርድ ልነግራችሁ አልችልም።

ጄፈርሰን ሥራውን ለሕዝብ አላሳተመም፤ የሚያውቁት ጥቂት ወዳጆቹ ብቻ ነበሩ። እርሱ በ1826 ከሞተ በኋላ መጽሐፉ በቤተሰቡ እጅ ቆይቶ፣ በ1895 ስሚዝሶንያን በ400 ዶላር ገዛው፤ በ1904ም የአሜሪካ ምክር ቤት 9,000 ቅጂ አሳተመው። በ1813 ከእርሱ በፊት ፕሬዚዳንት ለነበረው ለጆን አዳምስ በጻፈው ደብዳቤ፣ የኢየሱስን ቃል ከቀረው መለየት አልማዝን ከፍግ ለይቶ እንደ ማውጣት ቀላል ነው ብሎ ነበር። ንጽጽሩ ለብዙ አማኝ የሚያም ነው፤ እኔንም ያመኛል። ቀላል ነው ማለቱም ስህተት ይመስለኛል። ለምን እንደሆነ ከመጽሐፉ ከራሱ አንድ ቦታ ላሳያችሁ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 እጁ የሰለለ ሰው በምኵራብ ተቀምጧል። ፈሪሳውያን «በሰንበት መፈወስ ተፈቅዶአልን?» ብለው ይጠይቃሉ። ኢየሱስ በጥያቄ ይመልሳል፤ ከእናንተ አንድ በግ ያለው፣ በጉ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት፣ ይዞ የማያወጣው ማን ነው? ሰው ከበግ እንዴት አይበልጥም? ስለዚህ በሰንበት መልካም መሥራት ተፈቅዷል። ጄፈርሰን ይህን ሁሉ ጠብቆ አኑሮታል። ቀጥሎ ያለውን፣ ማለትም «እጅህን ዘርጋ» የሚለውንና የሰውየውን መዳን ግን ቆርጦ ጥሎታል። ስለዚህ በጄፈርሰን መጽሐፍ ውስጥ ክርክሩ ያልቃል፣ ፈሪሳውያኑም ሊያጠፉት ለመማከር ይወጣሉ፣ ሰውየው ግን እጁ እንደ ሰለለ እዚያው ይቀራል። ዕውር ሆኖ የተወለደውም ሰው እንዲሁ ነው። እርሱም ወላጆቹም ኃጢአት አልሠሩም የሚለው ቃል ተጠብቋል፤ ዓይኑ ግን አልበራም።

መጀመሪያ ሳነበው ጨካኝ ሥራ መስሎኝ ነበር። ሰውየውን ለክርክር ተጠቅሞ ሳይፈውሰው የሚተው ኢየሱስ ምን ይጠቅማል? ብዙ ቀን ሳስበው ከቆየሁ በኋላ የመለሰልኝ የልጅነቴ መንደር ነው።

ቀኝ እጁ የሰለለ ጎረቤት ነበረን። እኛ ልጆች አያ እያልን እንጠራው ነበር። ሞፈር ጨብጦ ማረስ፣ ማጭድ ይዞ ማጨድ አይችልም። በየዓመቱ ጠበል ይሄዳል፤ በየዓመቱ እጁ እንደ ሰለለ ይመለሳል። እርሻውን የሚያርሰውም፣ እህሉን የሚሰበስብለትም ጎረቤቱ በደቦ ነበር። በአንድ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ የሰዉ ሁሉ ጤፍ ታጭዶ የእርሱ ሳይታጨድ ቀረ። ተራው የኅዳር ጽዮን ማግስት ነበር። ሆኖም በበዓሉ ቀን ጠዋት ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቆረ። የገጠር ልጆች ታውቃላችሁ፣ የበሰለ ጤፍ ዝናብ ከመታው አለቀለት። በሌላ በኩል ደግሞ በዓል የሻረ ሰው በደብሩ ሁሉ ላይ በረዶ ያስወርዳል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ይህ ለእኛ ተረት አልነበረም፣ የምንኖርበት ሕግ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀምጠው ተከራከሩ። አንዱ ስለ ሰውየው፣ ሌላው ስለ በረዶው ይናገራል። አያ ራሱ አንገቱን ደፍቶ «በእኔ ምክንያት አገር አይጥፋ» አለ። በመጨረሻ ያስቀደሱት ሽማግሌ ቄስ ተነሡና «የራሳችሁ በሬ ዛሬ ገደል ቢገባ እስከ ነገ ታቆዩታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ታጠቁ፣ ከአንድ ቤት ማጭድ አስመጡ፣ ቀድመው ወደ ማሳው ወረዱ። ሕዝቡ ተከተላቸው። ፀሐይ ሳትገባ ጤፉ ታጭዶ ተከመረ። ሌሊት ዝናቡ መጣ።

እኔ በዚያ ሌሊት ሳልተኛ በረዶውን ስጠብቅ አደርሁ። በረዶ አልወረደም። ዛሬ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ በረዶው ወርዶ ቢሆን ኖሮም ያ ሥራ ትክክል ነበር። የቄሱ ጥያቄ ትክክል የሆነው ሰማዩ ስለ መሰከረለት አይደለም። የአያም እጅ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ አልተዘረጋም። ልጆቹ ግን በዚያ ክረምት እንጀራ በሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ያሻገረኝም ይህ ነው። ትምህርቱ ያለ ተአምራቱ በራሱ ይቆማል ወይ?

እባካችሁ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ወንጌልን አውጡና ኢየሱስ ሰውን የሚያሳምንበትን መንገድ ብቻ ተከታተሉ። ልጁ እንጀራ ቢለምነው ድንጋይ የሚሰጠው ማን ነው? ይላል። መልሱን ማን ያውቃል? ማንኛውም አባት ያውቃል። ከነዚህ ከሦስቱ በወንበዴዎች እጅ ለወደቀው ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ይመስልሃል? ይላል። ሕግ አዋቂው ራሱ ይፈርዳል። ጠላታችሁን ውደዱ ሲል እንኳ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ነው፤ ፀሐይ በክፉዎችም በበጎዎችም ላይ ትወጣለች፣ ዝናቡም በጻድቃንም በኃጢአተኞችም ላይ ይዘንባል። በባሕር ላይ ስለ ሄድሁ ጠላታችሁን ውደዱ አላለም። ሙት ስላስነሣሁ ለድሃ ስጡ አላለም። ምልክት አሳየን ሲሉት እንቢ ያለባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሲፈተን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲባልም እንቢ ብሏል። ወንጌላውያኑ ብዙ ተአምር መጻፋቸውን አልክድም፤ ሥነ ምግባሩን ያቆመበት መሠረት ግን የሰሚው ኅሊና ነው። «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል መምህር፣ መልሱ በተማሪው ውስጥ እንዳለ የሚያምን መምህር ነው።

ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣብን ነው የሚሉ ወገኖች ስላሉ አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው፣ በግእዝ የተጻፈው ሐተታ፣ የሃይማኖትን ሥርዓት ሁሉ ፈጣሪ ለሰው በሰጠው ልቡና ሚዛን ሲመዝን እናያለን። ጸሐፊው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ መነኩሴ በሚለው ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ፤ ጥያቄው ግን በቋንቋችን ተጠይቋል።

አሁን በእኔ ላይ ወደሚቀርበው ከባድ መቃወሚያ ልምጣ፤ ይህን መዝለል ሐቀኝነት አይሆንም። በ1906 አልበርት ሽቫይትሰር የተባለ ጀርመናዊ የሃይማኖት ሊቅ፣ ከእርሱ በፊት ታሪካዊውን ኢየሱስ እንፈልጋለን ያሉትን ምሁራን ሥራ መረመረ። የደረሰበት ድምዳሜ እነዚያን ምሁራን የሚያሳፍር ነበር፤ ተአምራቱን አራግፈው ያገኙት ኢየሱስ እንደ እነርሱ የተማረ፣ ጨዋ፣ የዘመናቸው ሰው ነበር። እውነተኛው ኢየሱስ ግን «ዘመኑ ተፈጸመ፣ የእግዚአብሔር መንግሥት ቀርባለች» ብሎ የዓለምን ፍጻሜ በቅርብ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ትምህርቱም ለዚያች አጭር ጊዜ የተሰጠ ነው አለ። ይህ እውነት ከሆነ፣ ፍጻሜውን አውጥተን ትእዛዙን ብቻ መያዝ እንችላለን?

እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። ሁሉንም ትእዛዝ በአንድ አፍ ይቆማል ወይም ይወድቃል ማለት አይቻልም። ለነገ አትጨነቁ የሚለው ቃል በእርግጥ በፍጻሜው ላይ የተደገፈ ይመስለኛል። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ቃሉን እንደ ተጻፈ ልፈጽመው አልችልም፣ ልጥለውም አልቻልሁም፣ ሠላሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ። የሳምራዊው ታሪክ ግን በምን ላይ ተደገፈ? ቁስለኛው መንገድ ላይ ወድቋል፤ ዓለም ነገ ታልፍም፣ ሺህ ዓመት ትቆይም፣ ቁስሉ ይደማል። ሽቫይትሰርም ቢሆን መጽሐፉን ጽፎ አልተቀመጠም። ሕክምና ተማረና በ1913 ጋቦን ውስጥ ወደምትገኘው ላምባሬኔ ወርዶ ሕሙማንን ማከም ጀመረ።

ሦስተኛው ጥያቄ ዋጋው ነው፤ ከሁሉም በላይ ልንነጋገርበት የሚገባን ይህ ነው። ትምህርቱን ከተአምራቱ መለየት ሸክም ማቅለል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ጾሙ ቀረልኝ፣ ስግደቱ ቀረልኝ፣ ጥሩ ሰው ከሆንሁ በቂ ነው ይላሉ። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 14 ግብዣ ስታደርግ ድሆችንና አንካሶችን ጥራ፣ የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ፣ በጻድቃን ትንሣኤ ይመለስልሃልና ይላል። ትንሣኤውን የማያምን ሰው ይህን ቃል ሲይዝ ምን ይቀርለታል? ግብዣው ይቀርለታል። ድሆቹ ይቀሩለታል። ብድራቱ የለም። በሰማይም በምድርም የሚመልስለት ሳይኖር መስጠት አለበት። ይህ ቀላል ነው?

ሩስያዊው ደራሲ ሌቭ ቶልስቶይ ዋጋውን አይቶታል። እርሱም ግሪክኛ ተምሮ፣ አራቱን ወንጌላት አንድ አድርጎ፣ ተአምራቱን አውጥቶ ጽፏል፤ የእርሱም ትረካ በሞት ያበቃል። ነገር ግን አንብቦ አላቆመም። ክፉውን በክፉ አትቃወሙ የሚለውን ቃል ቃል በቃል ወሰደው፤ ጦር ሠራዊትን፣ ፍርድ ቤትን፣ መሐላን ሁሉ ተቃወመ። በ1901 የሩስያ ቤተ ክርስቲያን ከአባልነት ለየችው። በ1895 መሣሪያቸውን አቃጥለው ጦር አንይዝም ያሉት ዱኮቦሮች የተባሉ የሩስያ ክርስቲያኖች በተሰደዱ ጊዜ የአንድ ልብ ወለዱን ገቢ ሰጠ፤ በ1899 ከሰባት ሺህ በላይ የሚሆኑት ወደ ካናዳ ተሻገሩ። ጽሑፎቹን በደቡብ አፍሪካ ያነበበ አንድ ወጣት ሕንዳዊ ጠበቃም በ1910 በጆሃንስበርግ አጠገብ የቶልስቶይ እርሻ የተባለ ሰፈር አቋቋመ፤ ጠበቃው ጋንዲ ነበር። ቶልስቶይ በቤቱ ውስጥ ለገዛ ሚስቱ አስቸጋሪ ሰው እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ያንን ጉድለቱን አላስተባብልም። ቃሉ ሲቆርጠው የደማ ሰው ግን ነበር።

ጄፈርሰንስ? ሞንቲቼሎን ሁለት ጊዜ ጎብኝቻለሁ። በሁለተኛው ጉብኝቴ ቤቱን ትቼ፣ ባሮቹ ይኖሩበትና ይሠሩበት በነበረው መንገድ ላይ ብቻ ተመላለስሁ። በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በኑዛዜው ነፃ ያወጣው አምስት ብቻ ነበር፤ በሞተ በወራት ውስጥ፣ በጥር 1827፣ 130 ሰዎች ለዕዳው መክፈያ ለጨረታ ቀረቡ። ሰዎች እንዲያደርጉላችሁ የምትወዱትን ሁሉ እናንተ ደግሞ አድርጉላቸው የሚለውን ቃል በአራት ቋንቋ ቆርጦ የለጠፈው እጅ፣ የእነዚያን ሰዎች ስም በንብረት መዝገብ የጻፈው እጅ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ቢለወጥ ይቅርታ አድርጉልኝ። እነዚያ ሰዎች በጎጆዎቻቸው ውስጥ ሌሊት የሚዘምሩት ስለ ሙሴ፣ እርሱም ካስወጣቸው ገጾች ስለ ትንሣኤ ነበር፤ ተስፋ የተዉላቸው እነዚያ ገጾች ብቻ ነበሩና። እኛ ተአምሩን የማናምን ሰዎች ይህን ሳንረሳ መናገር አለብን። ስለት ይዞ ገጽ መቁረጥ የሚችለው፣ በአብዛኛው፣ ሆዱ የጠገበ ሰው ነው።

ታዲያ ጄፈርሰን ከቆረጠ በኋላ ያስቀራቸውን ገጾች አላነበባቸውም ወይ? የማቴዎስን ምዕራፍ 25 ሙሉውን ፍርድ አስቀርቶታል። ተርቤ አብልታችሁኛልና፣ ታምሜ ጠይቃችሁኛልና። እዚያ ላይ ጻድቃኑ የሚመልሱትን ልብ በሉ፤ «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» ይላሉ። አላወቁም ነበር! የተመሰገኑት ሰዎች ሲያበሉ ያበሉት ራበኝ ያለ ሰውን ነው፤ ከጀርባው ማን እንዳለ ሳያውቁ፣ ዋጋ ሳይጠብቁ። ስለዚህ እኔና እኔን የመሰሉ ሰዎች በወንጌሉ ውስጥ ቦታ የለንም ስትሉን፣ እባካችሁ ይህን ጥያቄያቸውን አስታውሱልን።

አንድ ነገር ተናግሬ ልቀመጥ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። የሚጠይቀው ዘመድ የሌለው አንድ አዛውንት ሊሞት ሲቃረብ፣ ፈረቃዋ አምስት ሰዓት ላይ ያበቃ የሥራ ባልደረባችን ካፖርቷን እንደ ለበሰች አልጋው አጠገብ ቀረች። ሃይማኖት እንደሌላት ከዚህ በፊት ነግራኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስመለስ አሁንም አለች። «ትጸልይለት ነበር?» አልኋት። «አይ፤ መጸለይ አላውቅም» አለችኝ። «ታዲያ ለምን ወደ ቤትሽ አልሄድሽም?» «እጁን ስለቀው ይነቃና ይፈልገኛል» አለች።

ሌላኛው እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ወንበር ስቤ በዚያ በኩል ተቀመጥሁና ያዝሁት፤ እስኪነጋም ሦስታችን እንዲሁ ቆየን።

በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁንና ተቃውሟችሁን እሰማለሁ፤ በመጀመሪያ ቅር ብሏቸው የመጡት አባቶችና እናቶች ይናገሩ።